የመካኒሳው ሰነድ

አንድ የግል ኮሌጅ የማስተርስ ትምህርት ለመክፈት ሲያስብ ፈቃድ የሚጠይቀው ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ለየብቻ ነው። መገናኛ ላይ የተፈቀደለትን ትምህርት መካኒሳ ወስዶ ማስተማር አይችልም፤ የአካውንቲንግ ማስተርስ ስላለው ብቻም የሌላ መስክ ተማሪ መመዝገብ አይችልም። ይህን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ሲቋቋም የተሰጠው ስም የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ነበር። በኮሌጆች ቢሮ ውስጥ ግን ይህን ረጅም ስም የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም «ሄርቃ» ነበር የምንለው። «ሄርቃ ምን አለ?»፣ «ሰነዱ ሄርቃ ገብቷል?»፣ «ሄርቃዎች መቼ ይመጣሉ?» ስንባባል ነው ያ ዘመን ያለፈው።

ስለዚያ ዘመን የምጽፈው የኢንፎርሜሽን ማኔጅመንት ማስተርስ ለመክፈት ፈቃድ ስንጠይቅ ያየሁት ነገር ከእኔ ጋር እንዳይቀር ብዬ ነው። ጊዜው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 ከወጣ በኋላ፣ የአዲስ አበባ ቀበሌዎች ወደ ወረዳ በተለወጡበት ሰሞን ነበር። ኮሌጃችን ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ ውስጥ በኪራይ ሕንፃ ላይ ነበር። ምድሩ ካፌና የስልክ ጥገና ሱቅ፣ አንደኛ ፎቁ የባንክ ቅርንጫፍ፣ ከዚያ በላይ ያለው የእኛ ነው። ጠዋት ጠዋት ከሳር ቤት በኩል የሚመጣው ታክሲ ሁሉ «ጀርመን፣ ጀሞ!» እየተባለ ያልፋል። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ እየገባበት ስለነበረ ፍራሽ፣ ብረት ድስትና ቁም ሣጥን የጫነ አይሱዙ ከመስኮታችን ሥር አይጠፋም ነበር። ያ ሁሉ ሰው በየወረዳው አዲስ መታወቂያ ይፈልጋል፣ መሸኛ ያመጣል፣ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ግን ይህ ከእኛ ሰነድ ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

ሐሳቡን ያመጡት ዲናችን ናቸው። ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በዩኒቨርሲቲ ያሳለፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ፤ እኛ ወጣቶቹ መምህራን «ዶክተር» እንላቸው ነበር። በጊዜው የግል ኮሌጅ ሁሉ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንትና ኮምፒውተር ሳይንስ ነበር የሚያስተምረው። ተማሪ የሚመጣውም ለእነሱ ነው። እሳቸው ግን አንድ ቀን ስብሰባ ላይ «መረጃ የሚይዝ ሰው ማን እያስተማረ ነው?» አሉ። ኮሌጁ ውስጥ በዘርፉ የተማርኩት እኔ ስለነበርኩ ሰነዱን የማዘጋጀቱ ሥራ ለእኔ ተመራ።

እኔ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ልጅ ነኝ። ያ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲከፈት ስሙ የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት፣ በአጭሩ «ሲሳ» ነበር። የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከልና ዩኔስኮ ደግፈውታል፤ ዓላማውም ለኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን እንግሊዝኛ ለሚናገሩት የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች ጭምር ባለሙያ ማፍራት ነበር። ለምዕራቡ ደግሞ ናይጄሪያ ውስጥ፣ ኢባዳን ላይ አቻው ተከፍቷል። ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያየው ይህ ነገር የሚያስደንቅ ነው። ኢንተርኔት ለኢትዮጵያ ሕዝብ የተከፈተው ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ከዓመታት በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ኢሜይል የሚያውቅ ሰው ቢኖር በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የሚባለው ክፍል በስልክ መስመር የሚያስተላልፈውን መልእክት የቀመሰ ጥቂት ሰው ነበር። ኮምፒውተር በየቢሮው ከመግባቱ በፊት ስለ መረጃ አያያዝ በማስተርስ ደረጃ የሚያስተምር ቤት ነበረን ማለት ነው። እነዚያ መሥራቾች ነገሩ ከመሣሪያው እንደሚቀድም ገብቷቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

የፈቃድ ሰነድ አዘጋጅቶ የማያውቅ ሰው ሥራው ቅጽ መሙላት ብቻ ይመስለው ይሆናል። አይደለም። ሥርዓተ ትምህርቱ ራሱ ከነኮርስ ዝርዝሩ፣ የመምህራን የትምህርት ማስረጃና የቅጥር ውል፣ የቤተ መጻሕፍቱ የመጻሕፍት ዝርዝር፣ የላብራቶሪው ዕቃ፣ የሕንፃው የኪራይ ውል፣ የፋይናንስ አቅም ማሳያ፣ የጥራት ማስጠበቂያ መመሪያ፣ የውጭ ገምጋሚዎች አስተያየት፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ የፍላጎት ጥናት ያስፈልጋል። የፍላጎት ጥናቱ «ይህ ትምህርት ለዚህ አገር ለምን አስፈለገ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ነው። ብዙ ኮሌጅ ይህን ክፍል ከሌላ ሰነድ ገልብጦ ያልፈው ነበር። ዘመኑ የመረጃ ነው፣ ዓለም አንድ መንደር ሆናለች፣ ዕውቀት ኃይል ነው የሚሉ አንቀጾች ከአንዱ ሰነድ ወደ ሌላው ይዞሩ ነበር።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ዶክተር አነበቡት። እስኪርብቶ ይዘው የኮርሶቹን ዝርዝር አረሙ፤ የፍላጎት ጥናቱ ላይ ሲደርሱ ግን ምንም ሳያርሙ ወረቀቱን አጠፉት።

«ይኼን ናይሮቢ ብትወስደው ይሠራል?» አሉኝ።

«ይሠራል» አልኳቸው።

«ማኒላስ?»

«ይሠራል።»

«እንግዲያው የመካኒሳ አይደለም። ውጣና እይ እስቲ። እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ያሉ መዝገብ ቤቶችን እይና ተመለስ።»

ሸኚ ደብዳቤ አስጻፉልንና ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በየወረዳው መዞር ጀመርን። ላፍቶን፣ ጎፋን፣ ለቡን፣ ጀሞን አየን። የወረዳዎቹን ቁጥር መጥቀስ አያስፈልግም፤ ችግሩም የአንዱ ወረዳ ብቻ አልነበረም። ቀበሌ ወደ ወረዳ ሲለወጥ ማኅደሩ ሁሉ ከቦታ ወደ ቦታ ይጓጓዝ ነበር። ካርቶን በሲባጎ ታስሮ፣ ከላዩ በማርከር ቁጥር ተጽፎበት፣ በአይሱዙ ተጭኖ ሄዶ አንድ ክፍል ውስጥ ይራገፋል። የሚራገፍበት ክፍል አንዳንድ ቦታ ቀድሞ የስብሰባ ወንበር ማስቀመጫ የነበረ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው።

ከእነዚያ መዝገብ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ሁሉም ሰው «እትዬ» የሚላቸው ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹን አጋምሷል፤ ነጭ ነጠላቸውን ከጋውናቸው በላይ ደርበው ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ትልልቅ መዝገቦች ዘርግተዋል፤ አንዱ የገቢ፣ አንዱ የወጪ። ከ12ኛ ክፍል በላይ አልተማሩም። ሥራ የጀመሩት በደርግ ጊዜ በቀበሌ ጸሐፊነት ነበር።

ለሥራችን የተቀመጥንበት ቀን አንድ ወጣት መጣ። እናቱ ሞተዋል፤ የሚኖሩበት የቀበሌ ቤት ነው፤ እናቱ የቤቱ ሕጋዊ ተከራይ እንደነበሩ ማስረጃ ካላመጣ ውሉ ወደ እሱ ሊዛወር አይችልም። እጁ ላይ ያለው አንድ የቆየ የኪራይ ደረሰኝ ብቻ ነው። ደረሰኙ ላይ ያለው የቀበሌ ቁጥር ዛሬ የለም። ከ1995 ዓ.ም. በፊት አካባቢው በአንድ ቁጥር ይጠራ ነበር፤ አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ቁጥሩ ተለወጠ፤ አሁን ደግሞ ወረዳ ሲሆን እንደገና ተለወጠ። የቤቱም ቁጥር አብሮ ተለውጧል። ልጁ አዲሱን የቤት ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። ማኅደሩ የተቀመጠው ግን በመጀመሪያው ቁጥር ነው።

እትዬ ደረሰኙን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ከመሳቢያቸው ውስጥ ሽፋኑ በፕላስተር የተለጠፈ የተማሪ ደብተር አወጡ። እያንዳንዱ ገጽ በማስመሪያ በአምድ ተከፍሏል፤ በግራ የድሮው ቀበሌና የድሮው የቤት ቁጥር፣ በመካከል የ1995ቱ፣ በቀኝ አዲሱ። ከቀኙ አምድ ቀጥሎ ደግሞ በእርሳስ በጥቃቅን ፊደል የካርቶኑ ቁጥር ተጽፏል፤ ካርቶኑ ቦታ ሲቀይር ጠፍቶ በላዩ ስለሚጻፍ ወረቀቱ እዚያ ጋ ሳስቷል። በጣታቸው ወርደው አንድ መስመር ላይ ቆሙ፣ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ፣ ብዙም ሳይቆዩ አቧራውን በጨርቅ እየጠረጉ አንድ ቢጫ ማኅደር ይዘው ተመለሱ። እናቲቱ ገና በወጣትነታቸው የተነሱት ፎቶግራፍ፣ የኪራይ ውሉ፣ የቤተሰቡ ዝርዝር፣ ሁሉም ነበረ።

«ልጄ፣ ኮፒ አስደርገህ ና፤ ዋናው ከዚህ አይወጣም» አሉት።

ልጁ ከሄደ በኋላ ደብተሩን ማን እንዲያዘጋጁ እንዳዘዛቸው ጠየቅኋቸው። «ማን ያዘኛል? ሰው ሲመላለስ አሳዘነኝ» አሉ። ይህን ደብተር ማታ ማታ ቤታቸው ወስደው ነበር የሚጽፉት።

ያን ዕለት ከባልደረባዬ ጋር በእግራችን ነበር ወደ ኮሌጅ የተመለስነው። በማስተርስ ትምህርት ቤት ለአንድ ነገር የተሰጡ ልዩ ልዩ ስሞችንና ቁጥሮችን እያስተሳሰሩ ማውጫ ስለማዘጋጀት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተምሬያለሁ። ፈተናውንም አልፌያለሁ። እዚህ ግን ያ ዕውቀት የሰው ቤት ሲያድን አየሁት። የፍላጎት ጥናቱን በዚያ ሳምንት እንደ አዲስ ጻፍኩት። የእትዬን ፈቃድ ጠይቀን፣ የሰው ስም ሸፍነን፣ የደብተሩን ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርገን አባሪ አደረግነው።

የሰነዱ መግቢያ ላይ ሌላም ነገር ጨመርን። በየገዳሙና በየአድባራቱ የርስትና የጉልት ስጦታ በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ሲጻፍ ኖሯል፤ ጉዳዩ ሲነሣ ወንጌሉ ወጥቶ ይነበባል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት ዝክረ ነገር የመሬቱን ሥሪት፣ ግብሩን፣ የሹመቱንና የአስተዳደሩን ሥርዓት አሰባስቦ የያዘ ነው። የታሪክ ተማሪ ሁሉ ዛሬም ይጠቅሰዋል። እኔ ግን የመረጃ አያያዝ ባለሙያም ሊያነበው የሚገባ መጽሐፍ ነው እላለሁ፤ መንግሥት ምን እንደሚያውቅ፣ የሚያውቀውንም የት እንዳስቀመጠው ለማሳየት በአማርኛ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ትምህርቱ ከውጭ የመጣ እንግዳ አለመሆኑን ለማሳየት እነዚህን ከመግቢያው ላይ አስቀመጥናቸው።

የመምህራኑ ነገር ከሁሉ ከባዱ ነበር። ለማስተርስ ፕሮግራም ፒኤችዲ ያላቸው መምህራን ያስፈልጋሉ፤ በዘርፉ ፒኤችዲ ያለው ሰው ደግሞ በአገሪቱ ውስጥ ጥቂት ነበር፤ ያሉትም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። በዚያ ዘመን በኮሌጆች ዘንድ የታወቀ መላ ነበር። አንድ ዶክተር ማስረጃውንና ፎቶግራፉን ይሰጣል፣ ስሙ በብዙ ኮሌጅ ማመልከቻ ውስጥ ይገባል፣ ፈቃዱ ሲገኝ ክፍል ውስጥ የሚታየው ሌላ ሰው ነው። ከኮሌጁ ባለቤቶች አንዱ ይህን ሐሳብ ስብሰባ ላይ አነሡት፤ ክፋት ኖሯቸው ሳይሆን ሌላው ሁሉ እንዲያ ስለሚያደርግ ነው። ዶክተር ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ስማቸውን ካመጣን ልጆቹን ማን ሊያስተምርልን ነው? መረጃን ስለመጠበቅ ልናስተምር የሐሰት መረጃ ይዘን እንግባ?» አሉ። ዝም ተባለ። በመጨረሻ አንድ ጡረታ የወጡ ምሁር በቋሚነት ተቀጠሩ፤ ሌሎቹ በትርፍ ጊዜያቸው ለማስተማር ከዩኒቨርሲቲያቸው የፈቃድ ደብዳቤ አምጥተው ፈረሙ። ሰነዳችን በዚህ ምክንያት ዘገየ። መዘግየቱ ያኔም ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ።

ሌላው ያከራከረን የትምህርቱ ቦታ ነው። በእነዚያ ዓመታት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቅበላ 70 በመቶው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስና ለሰብአዊነት እንዲሆን ተወስኖ ስለነበር ወሬው ሁሉ ስለ 70/30 ነበር። ባልደረቦቼ ወደ ቴክኖሎጂው እንድንጠጋ ፈለጉ፤ ፕሮግራሚንግ እንጨምር፣ ኔትወርክ እንጨምር፣ ዳታቤዝ ሁለት እናድርገው አሉ። የኮርስ ዝርዝራችን በዚያ ምክንያት ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ አዘንብሎ ነበር የገባው። የመዛግብትና የቤተ መዛግብት አያያዝ አንድ ኮርስ፣ እሱም የምርጫ ኮርስ ሆነ።

ገምጋሚዎቹ የመጡበት ቀን ትዝ ይለኛል። ጽዳቷ ደረጃውን ከማለዳው ጀምሮ ስትወለውል ነበር፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የላውደንን ሥራ የመሳሰሉትን የማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተም መጻሕፍት ከፊት ደርድሮ፣ ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ሻጮች የገዛናቸውን ያገለገሉ መጻሕፍት ከኋላ አስቀምጧል። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተጋበዙ ምሁራንና አንድ የኤጀንሲው ባለሙያ ነበሩ። ከምሁራኑ አንዷ ቼክሊስቱን ለባልደረባቸው ሰጥተው እሳቸው አባሪውን ማገላበጥ ያዙ።

«ይኼ ደብተር ምንድን ነው?» አሉ።

ነገርኳቸው። የወጣቱን ጉዳይም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ወደ መግቢያው ተመለሱ።

«ዝክረ ነገርን እዚህ ምን አመጣው?»

«ትምህርቱ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊትም በዚህ አገር እንደነበረ ለማሳየት ነው» አልኳቸው።

«ይሁን። ታዲያ ይህን ሁሉ ከጻፋችሁ በኋላ የመዛግብት አያያዝ ለምን የምርጫ ኮርስ ሆነ? ተማሪዎቻችሁ እኚህ ሴት ያሉበት ክፍል መቼ ነው የሚገቡት?»

መልስ አልነበረንም። የእኛ ዶክተር ግን ፈገግ ብለው ወደ እኔ ሲያዩ የጠበቁት ጥያቄ መሆኑ ገባኝ።

ላብራቶሪውን ሲያዩ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ኮምፒውተሮቹ እንደገና በሩ። በዚህ ብዙ አልቆዩም። የኤጀንሲው ባለሙያ የኪራይ ውሉን ዘመን፣ የመጻሕፍቱን ብዛትና የመምህራኑን ውል አንድ በአንድ ከዋናው ጋር አመሳክረው ጨረሱ። በኋላ የደረሰን አስተያየት በጽሑፍ ነበር። የመዛግብት አያያዝ የግዴታ ኮርስ ይሁን፣ በመንግሥት መዝገብ ቤቶች ውስጥ የሚሰጥ የተግባር ልምምድ ይጨመር፣ ለዚህም የስምምነት ደብዳቤ ይቅረብ፣ ከኮምፒውተር ሳይንስ የተወሰዱት ኮርሶች ይቀነሱ፣ በዘርፉ አንድ ተጨማሪ መምህር ይቀጠር የሚል ነበር። ከእኛ መካከል ቅር ያለው ሰው ነበረ። እኔ ግን የሰነዱ ምርጡ ክፍል ከእነሱ አስተያየት በኋላ የጻፍነው ነው ብዬ አስባለሁ። መንግሥት ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የሚያደርገው ቁጥጥር ወንበርና ኮምፒውተር ከመቁጠር አልፎ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቅ ለትምህርቱ ትልቅ ውለታ ይውላል። ያን ቀን በአንዲት ምሁር አፍ ሲጠየቅ ሰምቻለሁ።

አስተካክለን አስገባን፤ ፈቃዱ መጣ፤ ፕሮግራሙ በማታና በቅዳሜ ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከባንክ፣ ከቴሌ፣ ከሆስፒታል፣ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። አንዷ ነርስ የመመረቂያ ጽሑፏን በሆስፒታል ካርድ ክፍል ላይ ሠራች። አንድ ታካሚ በተለያየ ጊዜ ሲመጣ ስሙ በተለያየ ፊደል እየተጻፈ ብዙ ካርድ ሲወጣለት፣ ሐኪሙም ያለፈውን ሕመሙን ሳያውቅ ሲያክመው በመረጃ አሳየች። ሌላው ስለ መሬት ይዞታ ማኅደር ጻፈ፤ የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ሲወጣ የእሱ ጽሑፍ መደርደሪያችን ላይ ነበር።

ልምምዱን ያስጀመሩት እትዬ ናቸው። ተማሪዎቹ ከበዋቸው ሲቆሙ ካርቶን እንዴት እንደሚከፈት፣ የተጣበቀ ወረቀት እንዴት እንደሚላቀቅ፣ ማኅደር ከቦታው ሲነሣ በምትኩ ምልክት ማስቀመጥ እንደሚያስፈልግ አሳዩአቸው። ዶክተር በእንግዳ መምህርነት ሊያስመዘግቧቸው ቢፈልጉም የትምህርት ማስረጃቸው ለማስተርስ ክፍል ስለማይበቃ አልሆነም። ተማሪ ሆነው እንዳይገቡም የመጀመሪያ ዲግሪ የላቸውም። ይህ ሕጉ ነው፤ ሕጉም ምክንያት አለው። ነገር ግን የፕሮግራሙ ፈቃድ የተገኘበት ዕውቀት ባለቤት በፕሮግራሙ ውስጥ በምንም መደብ ያልተመዘገቡ መሆናቸው ያኔም ከነከነኝ፣ አሁንም ይከነክነኛል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጡረታ ወጡ። ሲያስረክቡ ነበርኩ፤ ለተማሪዎች ጉዳይ ሄጄ ነው ያገኘኋቸው። የርክክብ ቅጹ ላይ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ የብረት መደርደሪያ፣ ማኅተም፣ የገቢ መዝገብ፣ የወጪ መዝገብ፣ የማኅደር ብዛት ተዘርዝሯል። ደብተሩ የለበትም። የመንግሥት ንብረት ስላልሆነ በየትኛው ረድፍ እንደሚገባ ተረካቢው አላወቀም። እትዬ መሳቢያው ውስጥ ትተውለት ሄዱ።

ከዚያ ዘመን ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ሕግ ሆኖ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በአንድ ሥርዓት መመዝገብ ጀምሯል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ ፋይዳ ቁጥር ሕዝቡ እጅ ገብቷል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅም በ1152/2011 ተተክቷል፤ ሄርቃም ዛሬ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሆኗል። አዲስ አበባም 11ኛ ክፍለ ከተማዋን ለሚ ኩራን ጨምራለች፤ ይህም ማለት ቁጥርና ስም እንደገና ተለውጦ ማኅደር እንደገና ተጓጉዟል። ወደ ኮምፒውተር የሚገባው መረጃ ሁሉ መነሻው ያው ካርቶን ውስጥ ያለው ወረቀት ነው፤ ከአሮጌው ቁጥር ወደ አዲሱ የሚያሻግር ሰው ካላገኘ ኮምፒውተሩም ያንን ወጣት «ማኅደርህ የለም» ብሎ ይመልሰዋል።

ዛሬ የማስተርስ ፕሮግራም ሰነድ የምታዘጋጁ መምህራን፣ የፍላጎት ጥናታችሁን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጠዋት የሠፈራችሁ ወረዳ መዝገብ ቤት ተቀመጡ። ፈቃድ የምትሰጡ ባለሙያዎችም ከቼክሊስታችሁ በፊት እኚያ ገምጋሚ የጠየቁትን ጠይቁልን፤ ተማሪዎቹ መዝገብ ቤት የሚገቡት መቼ ነው? የወረዳ ኃላፊዎች ደግሞ፣ እንደ እትዬ ያሉ ሠራተኞች ጡረታ ሳይወጡ የሚያውቁትን አስጽፉ፤ የርክክብ ቅጻችሁም ላይ ማሸጋገሪያ ደብተር የሚመዘገብበት አንድ ረድፍ ጨምሩ።